ጉልበት ማስቀየር ወይስ ማቆየት? በወሎ ለሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ለገፋና በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ዕድሜው ከ50 ያለፈና ገና በሥራ ላይ ያለ ሰው ጉልበቱን ሲታመም ምክር አያጣም። አንዱ ሐኪም «ቶሎ ይቀየር» ይለዋል፤ ሌላው «ገና ነው፣ ጡረታ እስኪወጡ ይታገሡ» ይለዋል። ጎረቤት ወጌሻ ይጠቁመዋል፣ የመድኃኒት መደብሩ ኪኒን ያቀርብለታል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግሞ «ሕንድ ሄደው ይታከሙ» ብሎ ይደውልለታል። ሁሉም በቅንነት የሚናገሩ ናቸው፤ ነገር ግን ምክሮቹ የሚመዘኑበት የጋራ ሚዛን ስለሌለ ታማሚው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውን ተናጋሪ ተከትሎ ይወስናል።

እኔ በደሴ ከተማ መምህር ነኝ። የቀኝ ጉልበቴን በ57 ዓመቴ በቀዶ ሕክምና አስቀይሬ፣ ማለትም ያለቀው መገጣጠሚያ በብረትና በፕላስቲክ ተተክቶልኝ፣ ከ4 ወር በኋላ ወደ ክፍል ተመልሻለሁ። ሐኪም ባልሆንም ከመወሰኔ በፊት 2 ዓመት ሙሉ ስጠይቅና ሳነጻጽር ኖሬያለሁ፤ ከወሰንኩ በኋላም አስቀድሜ ልጠይቀው የሚገባኝ ነገር ምን እንደነበረ ተረድቻለሁ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከ1 እስከ 2 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን ማገገሙ ቢያንስ 3 ወር ይወስዳል። ብዙዎቻችን ግን የምናመዛዝነው የቀዶ ሕክምናውን ቀን፣ ማለትም የሐኪሙን ስም፣ የሆስፒታሉን ዋጋና የራጁን ፎቶ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ምርጫው መመዘን ያለበት ከዚያ በኋላ በሚመጡት 3 ወራት ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መስፈርቶችም በዚሁ እምነት የተዘጋጁ ናቸው።

አማራጮቹ የሚመዘኑባቸው መስፈርቶች

የመጀመሪያው መስፈርት ኑሮዎና ሥራዎ ጉልበትዎን በየቀኑ ምን ያህል እንዲታጠፍ እንደሚጠይቁት ነው። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ያህል መታጠፍ ይበቃል፤ ከዝቅተኛ በርጩማ ለመነሣት ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ቁጢጥ ብሎ ለመቀመጥ ደግሞ ጉልበቱ ከ130 ዲግሪ ማለፍ አለበት። የተቀየረ ጉልበት በአብዛኛው የሚደርሰው እስከ 110 ወይም 120 ዲግሪ ድረስ ነው። ይህ ልዩነት በእኛ አገር ኑሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም፤ የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት፣ በሱጁድ ጊዜ መንበርከክ፣ የሁዳዴ ስግደት፣ ምንጣፍ ላይ እግር አጥፎ መቀመጥ ሁሉም የተቀየረ ጉልበት በቀላሉ ከሚደርስበት በላይ መታጠፍን የሚጠይቁ ናቸው። በተቀየረ ጉልበት መንበርከክ ብረቱን ባይሰብረውም ብዙ ሰው ስለማይመቸው ይተወዋል። ሶላታቸውን በወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ፣ በቤተ ክርስቲያንም ጎንበስ በማለት ብቻ የሚሰግዱ አሉ። ይህን ለውጥ ልብዎ የሚቀበለው መሆኑን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከራስዎና ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ቢነጋገሩበት ይሻላል።

ሁለተኛው መስፈርት ሕመሙ የወሰደብዎ ነገር መጠን ነው። ለ2 ሳምንት ያህል በአንድ ደብተር ላይ ሕመሙ ከስንት ደቂቃ ጉዞ በኋላ እንደሚጀምር፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅስዎ፣ በቀን ስንት ኪኒን እንደሚውጡና የትኛውን ሥራ እንደተዉ ይጻፉ። ራጅ የልም አጥንቱን፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ንጣፍ፣ ማለቅ ያሳያል እንጂ የሰውየውን ኑሮ አያሳይም። ራጁ የከፋ ሆኖ ሳለ በደህና የሚራመድ ሰው አለ፤ ራጁ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ሌሊቱን በሙሉ የማይተኛም አለ።

ሦስተኛው ሰውነትዎ የሚችለው ነገር ነው። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ ያልታከመ የጥርስ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ማጨስ የቁስል መመረዝን አደጋ ያባብሳሉ። እነዚህ ቀድመው ሊታከሙ ስለሚችሉ ቀጠሮውን ሊያራዝሙት እንጂ ምርጫውን ፈጽመው ሊዘጉት አይገባም።

አራተኛው ቤትዎና በቤትዎ ያለው ሰው ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ብዙዎቻችን ከባጃጅ ወርደን ቤታችን ለመድረስ የድንጋይ ደረጃ እንወጣለን። በክራንች የሚሄድ ሰው ይህን ደረጃ በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ይወጣዋል? ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ማን ያደርሰዋል? አምስተኛው ገንዘብና ፈቃድ ሲሆን ሰፋ ያለ ስለሆነ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ምርጫው ካልተሳካ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ስፖርትና ኪኒን ካልረዱ ሊተዉ ይችላሉ፤ የተቆረጠ አጥንት ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲታመም ሕመሙ ጉልበት ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ጉልበትዎን ብቻ ዓይቶ ከሸኘዎት ዳሌዎንም እንዲያይልዎ በትሕትና ይጠይቁ።

አማራጭ አንድ፦ ያለ ቀዶ ሕክምና በሥርዓት ማቆየት

«ማቆየት» ስል መታገሥ ማለቴ አይደለም። መታገሥ ምንም አለማድረግ ሲሆን ማቆየት ግን ጊዜና ዲሲፕሊን የሚጠይቅ ሕክምና ነው። ዋናው አካሉ የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው፤ በጀርባ ተኝቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ማቆየት፣ ከወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ መነሣትና መቀመጥ የመሳሰሉት እንቅስቃሴዎች በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከታዩ በኋላ ቤት ውስጥ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ውጤቱን ለመፍረድ 12 ሳምንት ያህል መሥራት ያስፈልጋል፤ በ10 ቀን ውስጥ «አልሠራልኝም» ብሎ የተወ ሰው ገና አልሞከረውም።

ሁለተኛው አካል ክብደት ነው። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። ሦስተኛው ከዘራ ነው፤ ከዘራውም መያዝ ያለበት ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። በከተማችን መንገድ ላይ የማያቸው ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ከታመመው ጉልበት ጎን ይዘውት ስለሚሄዱ የሚያገኙት እርዳታ ትንሽ ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ለቀጭንና ለአረጋዊ ሰው ወይም ለጉበት ታማሚ ከዚያም ያንሳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን የበለጠ ቢያስታግሡም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክን እየገዛ ወራት ማሳለፉ በጣም ያሳስበኛል፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ቀዶ ሕክምናውን ሲፈልገው ላያገኘው ይችላልና። ወጌሻም ያበጠና ያለቀ መገጣጠሚያን በኃይል እንዲያሸው አይፍቀዱ። ጠበልዎን ግን ይጠመቁ፣ ዱዓዎንም ያድርጉ፤ ከእንቅስቃሴው ጋር የሚጋጭ ነገር የላቸውም።

አማራጭ ሁለት፦ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጥ መርፌ

የኮርቲዞን መርፌ እብጠትንና ሕመምን ለጥቂት ሳምንታት፣ ሲበዛ ለ3 ወር ያህል ያበርዳል። ያለቀውን ልም አጥንት አይመልስም፤ ሲደጋገምም ሊጎዳው ይችላል። የስኳር ታማሚ ከሆኑ በቀጣዮቹ ቀናት ስኳርዎ ከፍ ሊል ስለሚችል ልኬቱን ያዘውትሩ። ቀዶ ሕክምና ካሰቡ ከዚያ ቀን በፊት ባሉት 3 ወራት መርፌውን አይውሰዱ፤ የኢንፌክሽንን አደጋ ይጨምራልና። መርፌው የሚጠቅመው የታወቀ ቀነ ገደብ ላለው ሰው ነው፤ ለምሳሌ የሴሚስተሩን ማጠቃለያ ፈተና እስኪያርም ወይም ሰብሉን እስኪሰበስብ ድረስ ፋታ ለሚፈልግ ሰው ይሆናል።

አማራጭ ሦስት፦ ከሙሉ ቅየራ ያነሱ ቀዶ ሕክምናዎች

በቀጭን ካሜራ ጉልበትን «ማጠብ» የሚባለው ሕክምና በዕድሜ ምክንያት ላለቀ ጉልበት እንደማይጠቅም በተደጋጋሚ ስለታየ ለዚህ ችግር ብቻ ሲባል ገንዘብ እንዲያወጡበት አልመክርም። አጥንትን ቆርጦ እግርን የማቃናት ቀዶ ሕክምና ጉልበቱ በአንድ በኩል ብቻ ላለቀበትና እግሩ ለጎበጠ፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆነና ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው ሊታሰብ ይችላል፤ የራሱ ጉልበት አብሮት ስለሚቆይ ለገበሬና ለጉልበት ሠራተኛ የሚመች ጎን አለው። ከፊል ቅየራ ደግሞ የተጎዳውን ግማሽ ብቻ ስለሚተካ ማገገሙ ይፈጥናል፣ መታጠፉም ይሻላል፤ ነገር ግን ዳግም የመቀየር ዕድሉ ከሙሉው ይበልጣል።

አማራጭ አራት፦ ሙሉ የጉልበት ቅየራ

በዚህ ቀዶ ሕክምና የጭን አጥንቱ የታችኛው ጫፍና የቅልጥሙ የላይኛው ጫፍ ተቆርጠው በብረት ይሸፈናሉ፤ በመካከላቸውም ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣው ከወገብ በታች የሚሰጥ ስለሆነ ታማሚው ራሱን አይስትም። በዕለቱ ወይም በማግስቱ ቆሞ እንዲራመድ ይደረጋል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሆስፒታል ይወጣል፣ ክሩም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈታል።

ስለ ዕድሜው የሚነገረውን በቁጥር እንየው። በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከ100 ሙሉ የጉልበት ቅየራዎች 82 ያህሉ፣ ከ100 ከፊል ቅየራዎች ደግሞ 70 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። በሌላ በኩል በብሪታንያ በተደረገና በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት መሠረት በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጉልበታቸውን ካስቀየሩ ወንዶች ከ100 እስከ 35 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ዳግም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት ይህ ቁጥር ወደ 5 ይወርዳል። «ገና ነው፣ ይታገሡ» የሚሉት ሐኪሞች የሚያስቡት ይህን ነው። ሆኖም ሥራውን እያጣ፣ ጡንቻው እየሟሸሸ 10 ዓመት የጠበቀ ሰው ዘግይቶ ሲቀየር ውጤቱ ያን ያህል ላያምር ይችላል፤ ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ወሳኝ ሊሆን አይገባም።

አደጋዎቹም ግልጽ ሊሆኑልዎ ይገባል። ከ100 ሰው ከ1 እስከ 2 በሚሆነው ላይ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ይፈጠራል፤ በእግር ሥር ደም ሊረጋ ስለሚችል የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ከ10 ሰው 1 ወይም 2 ደግሞ ቀዶ ሕክምናው በሥርዓት ተሠርቶም ሕመሙ አይለቃቸውም። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ማገገሙን ከራሴ ልናገር። በታከምኩበት ተቋም ቁስሉ ውኃ እንዳይነካው ከማሳሰብ በቀር ስለ እንቅስቃሴ ያስረዳኝ ባለሙያ አልነበረም። እኔም ጉልበቴ ሥር ትራስ አድርጌ፣ አጠፍ አድርጌ፣ በሚመቸኝ ሁኔታ 3 ሳምንት አስተኛሁት። ትራሱ ሕመሙን ያቀልለታል፤ ጉልበቱ ግን እንደታጠፈ ይደርቃል። በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትለካኝ ጉልበቴ የሚታጠፈው እስከ 65 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ፣ ቀጥ ብሎም አልዘረጋ አለ። የሰጠችኝ ሥራ ቀላል ነበር። በወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በለስላሳው የሲሚንቶ ወለል ላይ ተረከዜ ሥር ፌስታል አድርጌ፣ እግሬን ወደ ኋላ እያንሸራተትኩ ሕመሙ «በቃ» እስኪለኝ መሳብና እዚያው 10 ሰከንድ መቆየት ነበር። የመምህር ቤት ጠመኔ ስለማያጣ ተረከዜ የደረሰበትን ቦታ በየማለዳው በጠመኔ አሰምርበት ጀመር። አንዳንድ ቀን አዲሱ መስመር ከትናንቱ በጣት ስፋት ይርቃል፤ አንዳንድ ቀን ከትናንቱ ወደዚህ ይቀራል፤ ባለቤቴም ወለሉን ስትጠርግ መስመሮቹን እየዘለለች ነበር። ከ7 ሳምንት በኋላ 108 ዲግሪ ደረስኩ። ፊዚዮቴራፒው በመጀመሪያው ቀን ቢጀመር ኖሮ ይህ ሁሉ ሥቃይ ባልደረሰብኝ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጉልበቱ ከዚያ በላይ ቢደርቅ ኖሮ ደግሞ በማደንዘዣ አስተኝተው በኃይል ሊያጥፉት ይገደዱ ነበር።

የዳሌ ቅየራ ለሚያስፈልገው ሰው ማገገሙ በአብዛኛው ከጉልበቱ ይቀላል። ዋናው ጥንቃቄው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መገጣጠሚያው እንዳይወልቅ ነው፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ አይቀመጡም፣ እግር አያነባብሩም፣ ጫማ ለማሰር አይጎነበሱም።

የት ይሠራ? ወሎ፣ አዲስ አበባ ወይስ ውጭ አገር

የአጥንት ሐኪም ምርመራና ራጅ ደሴ ላይ ማግኘት ስለሚቻል የመጀመሪያው ግምገማ እዚሁ መሆን አለበት። ቀዶ ሕክምናውን በአቅራቢያ ማድረግ ትልቁ ጥቅሙ ክትትሉ ነው፤ ቁስሉ ሌሊት ቢያፈስ ወይም ቅልጥሙ ቢያብጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪሙ ዘንድ ይደረሳል። ሐኪሙን «ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ለስንት ሰው ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በዓመት ጥቂት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ብዙ ወደሚሠራው መሄድ ይሻላል።

አዲስ አበባ የሐኪም ምርጫው ሰፊ ነው፤ ይሁን እንጂ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አዲስ ቁስል ይዞ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ሕመም ብቻ ሳይሆን የደም መርጋት አደጋም አለው። አዲስ አበባ ከመረጡ ቢያንስ ክሩ እስኪፈታ እዚያው የሚያርፉበት ዘመድ ይፈልጉ፤ ሲመለሱም አቅም ከፈቀደ ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይብረሩ፣ በመኪና ከሆነ በየሰዓቱ ወርደው ይራመዱ። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት የክትትል ቀጠሮ እንደሚያመልጥ ተገንዝበው ደሴ ላይ የሚያይዎትን ሐኪም አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያና የተገጠመውን ዕቃ ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ወረቀትም ሳይዙ አይውጡ። ያ ወረቀት ከ15 ዓመት በኋላ ዳግም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ለሚሠራው ሐኪም እጅግ ጠቃሚ ነው።

ውጭ አገር መሄድ ተገቢ የሚሆነው በእኔ ግምት ለተወሳሰበ ጉዳይ፣ በተለይም ለዳግም ቅየራ ወይም ቀድሞ ተሰብሮ ለጠመመ አጥንት ነው። ለተለመደ ጉልበት ግን በዘመድ መዋጮ የተሰበሰበው ገንዘብ ለቲኬትና ለሆቴል አልቆ ለፊዚዮቴራፒ ሳይተርፍ የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጠቅስም፤ የሚገጠመው ዕቃ ከውጭ የሚገባ ስለሆነና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ባለፈው ዓመት የተነገረ ዋጋ ዘንድሮ አያገለግልም። ሲጠይቁ ግን ዋጋው ዕቃውን፣ አልጋውን፣ ላብራቶሪውን፣ መድኃኒቱንና ፊዚዮቴራፒውን ጠቅልሎ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ፣ መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነውና፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው በቅርብ አያጡም። ከጤና ጣቢያ የሚጀምረውን የሪፈር ሰንሰለት ሳይዘሉ ይሂዱ፤ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያው ራሱ መሸፈኑንም ከወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ቀድመው ይጠይቁ። የውጭ አገር ሕክምናን መድኑ አይሸፍንም።

ፈቃድና ደመወዝ

በግል ድርጅት ለሚሠሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይፈቅዳል፦ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በ3 ወር ማገገሚያ 30,000 ሳይሆን 20,000 ብር ያገኛል ማለት ነው፤ የጎደለውን 10,000 ብር ከቀዶ ሕክምናው ወጪ ጋር ደምረው ያቅዱ። ሁለቱንም ጉልበት በአንድ ዓመት ውስጥ ለማስቀየር ያሰበ ሰው የሁለተኛው ማገገሚያ ያለ ደመወዝ ወደሚቆጠሩት ወራት እንደሚገባ ይወቅ፤ ሐኪሙ ከተስማማ ሁለተኛውን ወደ ቀጣዩ ዓመት ማሳደር ይሻላል። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወደ ሥራ የመመለሻው ጊዜ እንደ ሥራው ይለያያል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቆሞ የሚሠራ ከ3 ወር ገደማ፣ ሸክምና ዳገት ያለበት ሥራ የሚሠራ ከ4 እስከ 6 ወር ሊወስድበት ይችላል። ኩንታል የሚሸከም ሰው ወደ ሸክሙ እንዲመለስ የትኛውም ሐኪም አያበረታታም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ይበልጥ የሚስማማው | ከሥራ የሚያስቀረው ጊዜ | ጥቅሙ የሚቆይበት | ዋናው ገደብ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በሥርዓት ማቆየት | ሌሊት ለሚተኛና ሥራውን ለሚሠራ | የለም | እስከተዘወተረ ድረስ | ትዕግሥትና ክትትል ይፈልጋል | ዝቅተኛ |
| የኮርቲዞን መርፌ | ቀነ ገደብ ላለው ሰው | 1 ወይም 2 ቀን | ከሳምንታት እስከ 3 ወር | ሲደጋገም ሊጎዳ ይችላል | ዝቅተኛ |
| እግር ማቃናት | ከ60 በታች፣ ከባድ ሥራ፣ በአንድ ጎን ያለቀ ጉልበት | ከ3 እስከ 6 ወር | ብዙውን ጊዜ ለዓመታት | ወደፊት ቅየራ ሊያስፈልግ ይችላል | መካከለኛ |
| ከፊል ቅየራ | ግማሹ ብቻ ለተጎዳ | ከ6 እስከ 12 ሳምንት | ከ100 ውስጥ 70 ያህሉ 25 ዓመት | ዳግም ቅየራው ይበዛል | ከፍተኛ |
| ሙሉ ቅየራ | ሌሊት ለማይተኛ፣ ሥራው ለቆመበት | ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወር | ከ100 ውስጥ 82 ያህሉ 25 ዓመት | ቁጢጥ ማለትና መንበርከክ ይቸግራል | ከፍተኛ |

ለየኑሮው የሚስማማ ምክር

በኮምቦልቻ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ከሆነ አስቀድመው ከአለቃዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ተቀምጠው ወደሚሠራበት ቦታ መዛወር የሚቻል ከሆነ ቅየራው ዋጋ ያለው ነው፤ የማይቻል ከሆነ ግን 3 ወር ሳይሞላ ተመልሶ መቆም ጉልበቱን ማሳበጥ ስለሚሆን ቢያንስ ሙሉውን ጊዜ የሚያስችል ቁጠባ እስኪኖር በሥርዓት ማቆየትን ይምረጡ። ጡረታ ለመውጣት 1 ወይም 2 ዓመት የቀረዎት ሰው ከሆኑና ሌሊት የሚተኙ ከሆነ ማቆየቱ ይበጅዎታል፤ የማይተኙ ከሆነ ግን የሕመም ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ከጡረተኛ ይልቅ የሚጠቀምበት ዕድል ስላለው ባይዘገዩ ይሻላል። ሾፌር ከሆኑ፣ በተለይ ቀኙ ጉልበት ከተቀየረ፣ ቢያንስ 6 ሳምንት መሪ አይጨብጡም፤ ከዚያም ፍሬኑን በድንገት ረግጠው መቆም መቻልዎን በቆመ መኪና ላይ ይፈትኑ። ባለ ሱቅ ከሆኑ ከሁሉም የሚቀልልዎ እርስዎ ነዎት፤ ከፍ ያለ ወንበርና ዕቃ የሚያወርድ ልጅ ካለዎት በ6 ሳምንት ውስጥ ይመለሳሉ።

ለገበሬ ወቅቱ ከሁሉ ይቀድማል። መኸርን ብቻ የሚያርስ ሰው ውቂያው እንዳለቀ፣ በጥር፣ ቢሠራ እስከ ሰኔ ድረስ ጊዜ አለው። የበልግ ዝናብን የሚጠብቅ ደጋ ላይ ያለ ገበሬ ግን ያ ጊዜ የለውም፤ ለአንድ በልግ የሚያርስለት ልጅ ወይም የእኩል አራሽ ማግኘት ግድ ይሆንበታል። ለከተሜውም ቢሆን ክረምት ላይ ጭቃና ቁልቁለት ከክራንች ጋር አይስማሙም።

ጾምንም አብረው ያስቡ። ቁስል እንዲድን ሰውነት ገንቢ ምግብ ይፈልጋል፣ መድኃኒቱም በሰዓቱ መወሰድ አለበት፤ ረመዳን ወይም ሁዳዴ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጋር የሚገጥም ከሆነ ወይ ቀኑን ይቀይሩ ወይ ከሼሁ ወይም ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታማሚ ፈቃድ አላቸው።

ቤቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያዘጋጁ። ለመጸዳጃ ቤቱ አናጢ ጠርተው መቀመጫው መሐል ላይ የተከፈተ፣ እጀታ ያለው፣ ከጉልበትዎ ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል የእንጨት ወንበር ያሠሩ፤ በጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል። ለእኔ የሠራልኝ አናጢ መጀመሪያ አጭር አድርጎት ስለነበር ከእግሮቹ ሥር ጣውላ ጨመረበት፤ አስቀድመው ተቀምጠው ይለኩት። አልጋዎ ምድር ቤት ይሁን፣ ምንጣፎች ይነሡ፣ የሌሊት መብራት ይኑር። የቅሬው (የእድሩ) ሰው ሊጠይቅዎ መምጣቱ የወሎ ወግ ነው፣ «አብሽር» መባልም ያበረታል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እንግዳ ሲበዛ እንቅስቃሴው ይቀራል፣ ቁስሉም ለብዙ እጅ ይጋለጣል። ባለቤቴ ለቅሬው ሰብሳቢ ነግራ ጥየቃው ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ በተራ እንዲሆን አድርጋልኛለች፤ ማንም አልተቀየመም።

ከሆስፒታል ሲወጡ የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ቀንና ቦታ በወረቀት ላይ ተጽፎ በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ቀጠሮው ከአንድ ሳምንት የሚርቅ ከሆነ እስከዚያ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን እንቅስቃሴ ባለሙያው አልጋዎ ላይ እያሉ እንዲያሳይዎና አብሮዎት ያለው ሰውም እንዲያየው ይጠይቁ።